ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ ማየት ከፈለጋችሁ ቁጭ በሉ

ጓሳ ደርሰው «ቀበሮ የሚባል ነገር የለም» ብለው የሚመለሱ ሰዎች አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ከመኪና አይወርዱም። ከአዲስ አበባ ሌሊት ይነሳሉ፤ ወደ እኩለ ቀን ይደርሳሉ። መስኮት ዝቅ አድርገው ጭላዳ ዝንጀሮ ፎቶ ያነሳሉ። ከዚያ «እንዳይመሽብን» ብለው ይመለሳሉ። ማታውኑ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይወጣል፣ ጓሳም ታየች ይባላል። አልታየችም።

እኔ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ዕረፍት ሳገኝ ወደ መንዝ መውጣት ልማዴ ሆኗል። እንግዳ ሲመጣብኝም ይዤው የምሄደው እዚያው ነው። ስለዚህ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ እየደወለ «እንዴት ነው የሚኬደው? ምን ልያዝ? ቀበሮውስ የት ጋ ነው?» ይለኛል። መልሱን አንድ ቦታ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ቦታውን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ጓሳ ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሣራማ ደጋ ነው። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የምትረግጡት መሬት ከሥር እስከ አናቱ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ፣ ንብርብር እየሠራ የኢትዮጵያን ደጋ ከፍ አደረገው። ከዚያም በላይ ሌሎች እሳተ ገሞራዎች ጨመሩበት። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ከእነዚህ የኋለኞቹ ንብርብሮች አንዱን በጣርማ በር ስም ነው የሚጠሩት። የኛ ሰፈር ስም በዓለም የድንጋይ መዝገብ ላይ አለ ማለት ነው። ይሄን ሳውቅ ትንሽ ኮራ ብያለሁ፣ አልዋሽም።

በምሥራቅ በኩል ደጋው በአንድ ጊዜ ይቆረጣል። ገደሉ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ የኤፍራታና ግድም ቆላ ከሥራችሁ ነው። ከዚያ ወዲያ የአዋሽ ሸለቆና የአፋር ምድር በጭጋግ ውስጥ ይታያል። ስምጥ ሸለቆው መሬቱን እየሳበ ሲከፍተው የቀረው ጠርዝ ይሄ ነው። መሬቱ ዛሬም ሥራውን አላቆመም። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ የከረመው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ከገደሉ ጫፍ የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ ይሄዳል። በስተምዕራብ ያለው ደግሞ በጀማ አድርጎ ዓባይ ይገባል። አንዳንድ ቦታ አንድ ጉብታ ላይ ቆማችሁ ግራና ቀኝ የሚወርደው ዝናብ መድረሻው ለየቅል ነው።

ቴሌቪዥን ላይ ስለ ጋላፓጎስ ደሴቶች ያያችሁ ትኖራላችሁ። ሰዉ በመርከብ እየዞረ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ደሴቶች ላይ ይወርዳል። ሌላ ቦታ የሌሉ እንስሳትን ያያል። እንስሳቱ ሌላ ቦታ የማይገኙት ባሕር ስለከበባቸው ነው። ጓሳንም ባሕር ባይከባትም ቆላው ከቧታል። ቀይ ቀበሮ ብርድ ለብሶ የተፈጠረ እንስሳ ነው። አጣዬ ወርዶ፣ ሙቀቱን አቋርጦ ሌላ ተራራ ላይ ልውጣ አይልም። ጭላዳውም ገደልና የደጋ ሣር ሲያጣ መኖሪያ የለውም። ዙሪያው ታርሶ፣ ቆላውም አላሻግር ብሎ፣ እዚያው ላይ ቀርተዋል። በዓለም ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ በሙሉ ቢደመር 500 ገደማ ነው። ሁሉም ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፤ አብዛኛው ባሌ፣ ቀሪው እንዲህ እንደ ጓሳና እንደ ሰሜን ተራሮች ባሉ የተነጣጠሉ ደጋዎች ላይ።

ጋላፓጎስ የሚሄድ ቱሪስት ከእንስሳቱ ሁለት ሜትር ርቆ እንዲቆም፣ ያለ አስጎብኚም ንቅንቅ እንዳይል ይነገረዋል። እኛም ብንለምደው ጥሩ ነው።

መንገዱን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ የደሴን አስፋልት ይዛችሁ ጣርማ በር ትደርሳላችሁ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረው ዋሻ አፍ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ወደ ግራ ትታጠፋላችሁ። ዋሻው ውስጥ ከገባችሁ አልፋችኋል፤ ዙሩና ተመለሱ። የመሐል ሜዳው መንገድ በመዘዞ በኩል አድርጎ ደጋ ለደጋ ይወስዳችኋል። የጓሳ ማኅበረሰብ ሎጅ መሐል ሜዳ ከተማ ከመድረሳችሁ በፊት ነው። መኪና ከሌላችሁ ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ መሐል ሜዳ የሚሄድ መኪና በጠዋት ያዙ። ለረዳቱ «ጓሳ ላይ አውርደኝ» በሉት፣ ያውቀዋል።

ከመነሳታችሁ በፊት ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ለሚኖር ሰው ደውላችሁ ጠይቁ። ለሎጁ ሰዎች ወይም ለምታውቁት ነጋዴ። የሳምንት ወሬ አይበቃም፣ የዚያን ቀን ጠዋት ጠይቁ። «ተዉ ዛሬ አትምጡ» ከተባላችሁ አትከራከሩ፣ ጓሳ የትም አትሄድም።

መዘዞ አካባቢ ስትደርሱ ፍጥነት ቀንሱ። መንገድ ዳር የተቆረጠው ገደል ላይ ድንጋዩ አምድ አምድ ሆኖ ቆሟል። ሰው ጠርቦ የደረደረው ይመስላል። ወርዳችሁ በእጃችሁ ዳስሱት። ብዙው አምስት ወይም ስድስት ጎን አለው፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው። ቅልጥ ድንጋዩ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ወደ ውስጥ እየወረደ አምድ ይሠራል። መዘዞ በኦፓልም የታወቀች ናት። እሱም የእሳተ ገሞራው ልጅ ነው። ሲሊካ ያዘለ ውሃ በድንጋዩ ክፍተት ገብቶ በብዙ ዘመን የረጋ ነው፤ ቡናማ ድቡልቡል ድንጋይ ሲፈለጥ ከውስጡ ይወጣል። እንድትገዙ አልመክርም። የመዘዞ ኦፓል ሲያዩት ያምራል፣ ግን ሲደርቅ የመሰንጠቅ ጠባይ አለበት። የሚያውቅ ሰው ካልያዛችሁ ገንዘባችሁን ለባና፣ ለመንዙ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ አስቀምጡት።

አሁን ዋናው ነገር። ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። አንድ ሌሊት ብቻ ያደረ ሰው ጭጋግ ከያዘው አለቀለት። ጓሳ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ከፊታችሁ ያለውን ጅብራ የሚባለውን ትልቅ ተክል እንኳ አታዩትም። በማግስቱ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል። ከክረምት በኋላ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር፣ መሬቱ ለምለም ነው፣ አበባው ብዙ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል፣ ብርዱ ግን አይጣል ነው። ሐምሌና ነሐሴ አትሂዱ፤ ጭቃና ጭጋግ ብቻ ነው።

ስለ ብርዱ ስናገር ሰው የማጋነን ይመስለዋል። «እኔ እኮ የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ፣ ብርድ አውቃለሁ» ይሉኛል። አታውቁትም። ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል። ጠዋት ሣሩ ላይ ያለው ውርጭ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል። ወፍራም ጃኬት፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሁለት ካልሲ ያስፈልጋል። ቀን ላይ ደግሞ ፀሐዩ ቆዳ ይልጣል፤ ከፍታው ነው። ሎጁ ቀለል ያለ ነው፤ የሚበላውን ራሳችሁ ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። አስቤዛ ከደብረ ብርሃን ግዙ። በሶና ቆሎ አይርሳ። ፓወር ባንክና የእጅ ባትሪም ያዙ። ጥሬ ብር በቂ ይሁን፣ «በቴሌብር እልክልሃለሁ» ኔትወርክ ሲኖር ነው።

ከፍታው ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል። ከቆላ የመጣ ሰው መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ቢያድር ይሻለዋል፤ እሷም 2,800 ሜትር ታልፋለች። ውሃ በደንብ ጠጡ። የመንዝ አረቄ ለብርድ ፍቱን ነው የሚሏችሁን የመጀመሪያዋን ማታ አትስሟቸው።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ጠባቂ ይዛችሁ ውጡ። ጠባቂዎቹ የዚያው አገር ልጆች ናቸው፣ ሜዳውን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። እኔ ብዙ ጊዜ የምይዛቸው ጠና ያሉ ሰው ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ከብርዱ ብዛት እግሬን እያፋተግሁ፣

«ጋሼ፣ ቀበሮው መቼ ነው የሚመጣው?» አልኳቸው።

«እሱ ቀጠሮ የለውም። ዝንጀሮውን እንጠብቅ፣ ከዝንጀሮው ጋር ይመጣል» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው፤ ነብርና ጅብ እንዳይደርስበት። ፀሐይ ገደሉን ሲያሞቀው እየተንጠለጠለ ይወጣል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ጠርዙ ላይ ደረቱን ለፀሐይ ሰጥቶ ሲቀመጥ ታዩታላችሁ። ደረቱ ላይ ያ ቀይ ቆዳ አለ፣ የወንዱ ደማቅ ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ሜዳው ይገባል። እናንተ እሱ ከመምጣቱ በፊት ቦታችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ። ከበስተኋላው እየተከተላችሁ ከሄዳችሁ ፊቱን አታዩትም። ቀድማችሁ ከተቀመጣችሁ ግን መንጋው በዙሪያችሁ ያልፋል። ጓሳ ላይ ተመራማሪዎች ለረጅም ዓመታት ሲከታተሉት የኖሩት መንጋ አለ፤ ከሰው ጋር ተላምዷል።

ጣቱን ተመልከቱ። ቂጡ ላይ ቁጭ ብሎ በሁለቱም እጁ፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ፣ ሣሩን ዘለላ በዘለላ ይነጫል። እናቴ ምስር ስትለቅም ያላት ፍጥነት ነው ያለው። እፍኙ ሲሞላ አፉ ውስጥ ይከታል። ሳይነሳ ቂጡን እየጎተተ ወደሚቀጥለው ሣር ይሄዳል። ሣር ዋና ምግቡ የሆነ ዝንጀሮ እሱ ብቻ ነው። ትልቁ ወንድ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ካሳያችሁ «በቃ፣ ራቅ» ማለቱ ነው። አትሳቁበት፣ ዓይን ለዓይን አትዩት፣ ዝም ብላችሁ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞር በሉ። ዳቦና ሙዝ አትወርውሩለት። የሰው ምግብ የለመደ ዝንጀሮ ነገ የገበሬው ገብስ ውስጥ ይገኛል፣ ዕዳውን የሚከፍሉት እሱና ገበሬው ናቸው።

እንግዲህ መንጋው ሜዳው ላይ ሲረጋ ዓይናችሁን ከዝንጀሮው ላይ አንሱና መሃል መሃሉን ቃኙ። አንድ ጠዋት እንዲሁ ተቀምጠን ጋሼ ክርናቸውን ጎኔ ላይ ደገፍ አደረጉ። በአገጫቸው አመለከቱኝ። እናቶችና ግልገሎች በሚግጡበት መካከል አንዲት ቀይ ቀበሮ ቀስ ብላ እየሄደች ነው። ውሻ ቢሆን መንጋው ጮሆ ገደሉን ይወርድ ነበር። ለእሷ ግን ቀና ብሎ ያያት እንኳ ጥቂት ነው። እሷም ግልገሎቹን አትመለከትም። አንገቷ ሥር ነጭ ነው፣ ጭራዋ ጫፉ ጥቁር። አንድ ቦታ ቆም አለች። ጆሮዋን ወደ ፊት አደረገች። አንድ እግሯን አንስታ ቆየች። ከዚያ ዘላ አፍንጫዋን ሣሩ ውስጥ ሰካች። ቀና ስትል አይጥ ይዛለች። ሁለቴ ሦስቴ አኘከችና ዋጠች፣ ጉዞዋን ቀጠለች። ይሄ ሁሉ ሲሆን አጠገቧ ያለችው ጭላዳ ሣሯን እየነጨች ነበር።

በኋላ ሳነብ እዚሁ ጓሳ ላይ የተጠና ነገር ሆኖ አገኘሁት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት እንደሚለው ቀበሮው ከጭላዳ መንጋ ጋር ሆኖ ሲያድን ከሙከራው 67 በመቶው ይሳካለታል። ብቻውን ሲያድን ግን 25 በመቶው ነው። ምክንያቱ ምናልባት ዝንጀሮዎቹ ሲግጡ አይጦቹን ከጉድጓድ ስለሚያስነሱ ይሆናል። ወይም አይጦቹ በዚያ ሁሉ እግር መካከል ቀበሮውን ለይተው ስለማያዩት። ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ይኖራል፣ ግዛቱን በጋራ ይጠብቃል፣ አደኑን ግን ለየብቻ ነው የሚወጣው። ለዚህ ነው ቀበሮ ፍለጋ በመኪና ከመዞር መንጋው አጠገብ መቀመጥ የሚሻለው።

ሲያዩት ደንግጠው ተነስተው የሚሮጡ አሉ፣ ስልክ ይዘው። አታድርጉት። ቀበሮው ይሄዳል፣ ከእናንተ በኋላ ለሚመጣውም ያበላሻል። ድሮንም ያለ ፈቃድ አታንሱ። ውሻ ይዞ መምጣት ፈጽሞ አይታሰብም። የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮውን በጅምላ ሊጨርስ ይችላል፣ የሚያስተላልፈውም የቤት ውሻ ነው።

ወፍ የሚወድ ሰው ሌላ ቀን ይጨምር። ትልቁ ጥቁር ቁራ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፣ ሎጁ በር ድረስ ይመጣል። ገደሉ ጋ ደግሞ ጺማሙ አሞራ አለ። አጥንት ተሸክሞ ወደ ላይ ይወጣና ድንጋይ ላይ ለቅቆ ይሰብረዋል፣ ከዚያ ወርዶ ስብርባሪውን ይውጣል። በአንኮበር ስም የምትጠራ ትንሽ ቡናማ ወፍም አለች፤ መጀመሪያ የታወቀችው አንኮበር ላይ ነው። ለዓይን ብዙ አታምርም፣ ግን ሰው ከአውሮፓ ድረስ እሷን ብሎ ይመጣል።

ጅብራውን በደንብ እዩት። ለዓመታት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቆማል። ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት እጅግ የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣል፤ ዘሩን በትኖ ይሞታል። የደረቀውን ዘንግ ገፍታችሁ አትጣሉ፣ ወፍ ይቆምበታል።

ጓሳ ዛሬ ድረስ የቆየችው በሕዝቡ ነው። አስቦና ጌራ የሚባሉ የመንዝ አቅኚ አባቶች መሬቱን ሲከፋፈሉ ይሄን ደጋ ለግጦሽና ለሣር ለዩት ይባላል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ሲተዳደር ኖሯል። ሕዝቡ አለቃ ይመርጥ ነበር፣ ደጋው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። ያኔ ከብት ማስገባት ወይም ሣር ማጨድ ከባድ ቅጣት ነበረው። ሲከፈት ሁሉም እኩል ገብቶ ያጭድ ነበር። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ጌሳ ይሆናል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፣ ደጋውም ተጎዳ። በኋላ የአካባቢው ቀበሌዎች መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው እንደገና ያዙት። የምትከፍሉት የመግቢያና የጠባቂ ክፍያ ወደዚህ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አትከራከሩ፣ ደረሰኝ ተቀበሉ።

ሣሩን የሚያጭዱ ወይም ከብት የሚጠብቁ ሰዎች ካጋጠሟችሁ ቀድማችሁ ሰላም በሉ። «እንዴት አደራችሁ፣ እንዴት ከረማችሁ» ረዘም ያለ ሰላምታ ነው የሚወዱት። ትልቅ ሰውን «አንቱ» በሉ፤ የመንዝ ሰው ይሄን ልብ ይላል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ካሜራ ደቅኖ የሚመጣ እንግዳ ከብቱን እያስበረገገ ያስቸግራቸዋል።

ለመመለስ በጠዋት ተዘጋጁ። በሕዝብ መኪና ከሆነ ከሰዓት በኋላ ከመሐል ሜዳ የሚመጣው ሞልቶ ያልፋችኋል። የራሳችሁ መኪና ካለ ግን መጀመሪያ ወደ መሐል ሜዳ ዝለቁ፣ ሩቅ አይደለም። የገብስ እንጀራ ብሉ። ከመንዝ በግ ሱፍ የተሠራ ባና ወይም ዝተት ግዙ፤ ከሚሸምኑት ሰዎች እጅ ብትገዙ ጥሩ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት አሽትቱት። በደንብ ያልታጠበ ሱፍ ነገሩ የሚታወቀው ደብረ ብርሃን ስትደርሱ፣ የመኪናው መስኮት ሁሉ ተዘግቶ ነው።